አሮጌውን ጃጓር ማዘመን ኃጢአት ነውን?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር የጎረቤቶቻችንን እንቅልፍ ነሥቷልና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጭቅጭቁ ምክንያት ፈተና አልነበረም፤ የምግብ ቤቱ ወጥም አልነበረም። ምክንያቱ አንድ የእንግሊዝ ኦቶሞቢል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕንድስና የሚማረው ጓደኛችን የአንድ ጃጓር ኢ-ታይፕ ፎቶግራፍ አሳየን። በ2018 የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራዪቱን አስቀምጠው የነዱት ነው። ኦቶሞቢሉ በ1968 የተሠራ ሲሆን፥ የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ሞተር ገብቶለታል። «ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው!» አለ ጓደኛችን። ሕግ የሚማረው ደግሞ «ይህስ ነፍስ ግድያ ነው!» ብሎ ከአልጋው ላይ ብድግ አለ። በእርሱ አስተያየት ከአሮጌ የስፖርት ኦቶሞቢል ላይ አንዲት ብሎን እንኳ መለወጥ የአባቶችን ሐውልት እንደ መፈንቀል ነው። (ዓመታቱን ሁሉ፥ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከሦስታችን አንዳችን እንኳ ብስክሌት ስለሌለን አንባቢ መሣቁ አይቀርም። ይሣቅ። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ያን ሌሊት ጩኸት ስለ በዛ ያልጨረስሁትን አሳቤን እዚህ ልጨርሰው።

በመጀመሪያ ስለ ኦቶሞቢሉ ጥቂት ልናገር። ኢ-ታይፕ ለዓለም የታየው ማርች 15 ቀን 1961፥ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 1953 ዓ.ም. በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ ነው። ቅርጹን ያወጣው ማልኮልም ሴየር ቀድሞ በአውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ ሰው ነበርና፥ መስመሩን በዓይን ግምት ሳይሆን በሒሳብ ነው ያሰላው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፥ 3.8 ሊትር፥ ሦስት ካርቡራቶር ያለው፥ ጕልበቱም 265 የፈረስ ጕልበት ተብሎ የተነገረለት ነው። ፋብሪካው በሰዓት 150 ማይል፥ ማለት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል ብሎ አስታወቀ። ዋጋው ከነቀረጡ ከ2,000 ፓውንድ ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፥ በዚያው ጊዜ አስተን ማርቲን ዲቢ4 የሚባለው የዚህን እጥፍ ያህል ያስከፍል ነበር። በጄኔቭ ሊሞክረው የሚፈልገው ሰው ስለ በዛ፥ ፋብሪካው ኖርማን ዴዊስ የተባለውን ሞካሪ ሹፌሩን ሁለተኛ ኦቶሞቢል ይዞ እንዲመጣ አዘዘው። ሰውየው ከኮቨንትሪ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ በማግሥቱ ጠዋት ጄኔቭ ገባ።

እንግዲህ የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ ሊሰማው የማይወደውን ልንገረው። ያ ውብ ኦቶሞቢል ብዙ ጉድለት ነበረበት። አንደኛው ማርሽ ኦቶሞቢሉ ካልቆመ በቀር እየጮኸ ነበር የሚገባው፤ ሳይጮኽ እንዲገባ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ የመርገጥ ጥበብ ያስፈልግ ነበር። ወንበሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ዲስክ ቢሆንም ከባድ እግር ይጠይቃል። ዲናሞው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ባትሪውን በሚገባ አይሞላም። የፊት መብራቶቹ በመስተዋት ተሸፍነው ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ ሌሊት ግን ብርሃናቸው ለዚያ ፍጥነት አይበቃም። ከተማ ውስጥ መንገድ ሲጨናነቅም ውሃው ይፈላል። ወለሉ ደግሞ ዝርግ ስለ ነበረ፥ ረጅም ሰው ጉልበቱን ከመሪው በታች የሚያኖርበት ስፍራ አልነበረውም።

ታዲያ ፋብሪካው ምን አደረገ? «ኦሪጅናል ነውና አትንኩት» አለን? አላለም። በ1962 መጀመሪያ ላይ በእግር በኩል ወለሉን ዝቅ አደረገው። በ1964 መጨረሻ ሞተሩን ወደ 4.2 ሊትር አሳደገና ማርሾቹ ሁሉ ሳይጮኹ የሚገቡበት አዲስ ካምቢዮ፥ የተሻለ ወንበር፥ የተሻለ የፍሬን አጋዥ አስገባለት፤ ዲናሞውንም በአልተርኔተር ተካው። እንግዲህ «እንደ ነበረ ይቈይ» የሚል ሰው የትኛውን «ነበረ» ማለቱ ነው? የ1961ን ነውን? ወይስ የ1964ን? (የሚገርመው፥ ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው ከሚፈልጓቸው መካከል እነዚያ ወለላቸው ዝርግ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ይገኙባቸዋል። ጉልበት የሚያስጨንቀው ጉድለት ራሱ ዋጋ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።)

ነገር ግን የፋብሪካው ታሪክ በዚህ አያበቃም፤ ለምሕንድስናው ተማሪም የሚሆን ተግሣጽ አለው። በ1966 ከኋላ ሁለት ልጆች የሚያስቀምጥ፥ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል የረዘመ ዓይነት ወጣ፤ ለፈለገም ራሱ ማርሽ የሚለውጥ ካምቢዮ ይገባለት ጀመር። በ1968 ሁለተኛው ተከታታይ ሲወጣ የአየር ማቀዝቀዣና መሪ የሚያቀል መሣሪያ ተጨማሪ ለሚከፍል ተዘጋጀ። ወደ አሜሪካ የሚላኩት በጭስ ሕግ ምክንያት ሦስቱ ካርቡራቶሮቻቸው በሁለት ተተክተው ጕልበታቸው ቀነሰ። በ1971 አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው 5.3 ሊትር ሞተር ገባና ኦቶሞቢሉ ረዘመ፥ ሰፋ፥ ከበደ፤ መሪ ማቅለያውም ከኦቶሞቢሉ ጋር አብሮ የሚሸጥ ሆነ። በ1974 ሥራው ቆመ። የመጨረሻውን ዓይነት የሚወዱ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለስላሳ ነው፥ ድምፁም ያምራል። እኔ ግን የጌቶች መንሸራሸሪያ ነው እላለሁ። ምቾት አንድ በአንድ እየተጨመረ፥ ማንም ሳይወስን፥ የስፖርት ኦቶሞቢሉ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ይህንም ያደረገው ራሱ የፈጠረው ፋብሪካ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ይለወጥ ወይስ አይለወጥ?» አይደለም። ጥያቄው፥ የሚጨመረው ነገር ኦቶሞቢሉ የራሱን ሥራ እንዲሠራ ያስችለዋል ወይስ የነጂውን ሥራ ነጥቆ ይሠራለታል? ነው። ሁለተኛም፥ ነገ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ «የቀድሞውን መልሱልኝ» ቢል፥ ይመለሳል ወይ?

በዚህ ሚዛን ዛሬ የሚደረገውን እንመዝን። በእንግሊዝ አገር አሮጌ ኢ-ታይፕ እየፈቱ በዘመናዊ ዕቃ መልሰው የሚገጥሙ ሠሪዎች አሉ፤ ኢግል የሚባለው ቤት በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። በየጋራዡም ይህንኑ በጥቂቱ የሚያደርጉ ሞልተዋል። የአሉሚንየም ራዲያተርና ጠንካራ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ቢገባለት ማን ይከፋዋል? ኦቶሞቢሉ በመንገድ መካከል ፈልቶ እንዳይቆም ያደርገዋል፤ ከኮፈኑ ሥር ስለሆነ አይታይም፤ በአንድ ቀን ሥራም ይፈታል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለው መሣሪያ በኤሌክትሮኒክ ቢሆንም እንደዚሁ ነው። የተሻለ የፍሬን ሸራ፥ የተሻለ አምፑል፥ የደረት ቀበቶ፥ እነዚህስ ክርክርም የሚገባቸው አይደሉም። ፍሬን የማይዝ ኦቶሞቢል ቅርስ ነው ብሎ መንዳት በእግረኛው ሕይወት መቀለድ ነው።

አምስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ ማስገባትስ? እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ አመንትቻለሁ። አራቱ ማርሽ ብቻ ሲኖር በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ በብዙ ዙር እየጮኸ ይሄዳል፤ አምስተኛው ሲጨመር ድምፁ ይረግባል፥ ቤንዚንም ይቆጠባል፥ ነጂው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር መነጋገር ይችላል። ማርሽ የሚለውጠው ግን አሁንም የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ፈቅጃለሁ፤ ነገር ግን አሮጌው ካምቢዮ ዘይት ተቀብቶ፥ ተጠቅልሎ፥ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

የአየር ማቀዝቀዣ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የምሕንድስናው ተማሪ ልብ ይበል። ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፤ ኮምፕሬሰሩ በቺንጊያ ከሞተሩ ጕልበት ይወስዳል። ከነጂው ክፍል የተወሰደው ሙቀት የሚወጣበት ሌላ ራዲያተር መሳይ ዕቃ ደግሞ ከዋናው ራዲያተር ፊት ይገጠማል። እንግዲህ ቀድሞም ለመፍላት የተዘጋጀ ኦቶሞቢል ፊት ተጨማሪ ምድጃ አቆምን ማለት ነው። ያንን ለማብረድ ትልቅ ራዲያተር፥ ሁለት ማራገቢያ፤ ማራገቢያዎቹን ለመመገብ ትልቅ አልተርኔተር፤ ይህን ሁሉ ለመሸከም ወፍራም ሽቦ። አንድ ምቾት አራት ዕቃ ጎትቶ ያመጣል። በሞቃት አገር የሚኖር ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም። በእንግሊዝ ደመና ሥር የሚያደርገው ግን መስኮቱን ቢከፍት ይሻለው ነበር።

መሪ ማቅለያውን ግን ጨርሶ አልቀበልም። የዚህ ኦቶሞቢል መሪ ቀጭን የእንጨት ክብ ነው፤ ቆሞ ሲዞር ይከብዳል፥ ሲሄድ ግን ይቀልላል፤ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለእጅ ይነግራል። ያንን ንግግር በኤሌክትሪክ ዝም ካሰኙት፥ ሰውየው ስለ ምን የስፖርት ኦቶሞቢል እንደ ገዛ አይገባኝም። ፎቶግራፉን ግድግዳው ላይ ቢሰቅል ይረክስለት ነበር።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንመለስ። የቅዳሜው ክርክር እዚህ ላይ ነው የከረረው። ራሱ የጃጓር ኩባንያ በ2017 ያሳየው ኢ-ታይፕ ዜሮ የተባለው፥ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው በቀድሞው ሞተር ቦታ ልክ የተሠራ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩም ካምቢዮው በነበረበት ተቀምጧል። ከቀድሞው 46 ኪሎ ይቀልላል፥ መነሻውም ይፈጥናል። ብረቱም ስላልተቈረጠ የቤንዚኑን ሞተር መመለስ ይቻላል ተብሏል። ጓደኛዬ «እንግዲህ በራስህ ሚዛን ይህ ያልፋል!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ በሁለተኛው ሚዛን ያልፋል። ስለዚህ የሕግ ተማሪው እንዳለው ነፍስ ግድያ አይደለም፤ ያልሞተ ሰው ገዳይ የለውም።

በመጀመሪያው ሚዛን ግን ይወድቃል። ያ የወጣው ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተራ ዕቃ አይደለም። በ1948 ከኤክስኬ 120 ጋር የተወለደ ነው፤ ጃጓር በ1951፥ በ1953፥ በ1955፥ በ1956ና በ1957 በለማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ሲያሸንፍ የገፋው እርሱ ነው። ሴየር በሒሳብ ያሰላው ያ ረጅም አፍንጫ የተሠራው እርሱን ለመሸፈን ነው። ሞተሩን አውጥቶ አፍንጫውን ማስቀረት፥ ክራር ውስጥ ሬዲዮ ደብቆ «ከድሮው ይልቅ ያምራል፥ ክሩም አይበጠስም» እንደ ማለት ነው። ድምፁ ያምር ይሆናል፤ የተጫወተ ሰው ግን የለም። የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፥ በአጭሩ ፊቫ የሚባለው፥ በ2019 ያወጣው አሳብም ከዚህ አይርቅም። ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠውን እንደ ታሪካዊ ተሽከርካሪ አይቈጥረውም፤ ማድረግ ግድ ከሆነም የሚመለስ ይሁን፥ የወጣው ዕቃ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ ይላል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ወደ አገራችን ዞረ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏልና፥ ወደድንም ጠላንም የኤሌክትሪኩ ዘመን መጥቷል አለኝ። ይምጣ! ወደ ሥራ የሚወስደኝ፥ እናቴን ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ኦቶሞቢል በኤሌክትሪክ ቢሄድ እጅግ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዓመት ጥቂት እሑዶች ብቻ የሚወጣ የስድሳ ዓመት ኦቶሞቢል የከተማውን አየር የሚያበላሸው ስንት ነው? ሁሉን ነገር በአንድ ሕግ መግዛት ለሹማምንት ይቀልል ይሆናል፤ ለተማሪ ግን አያምርም።

ለአጥባቂው ጓደኛዬም አንድ ነገር ይቀረኛል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1963 የተሠራ አንድ ኢ-ታይፕ ከ1996 ጀምሮ አለው። እርሱ አይነካ፤ ለዚያ ነው የተቀመጠው። ለእሽቅድምድም ብለው በአሉሚንየም የሠሯቸው አሥራ ሁለቱም አይነኩ። የቀሩት ግን ከሰባ ሺህ በላይ የተሠሩ ናቸው፤ የተሠሩትም ለመንገድ ነው። ባለቤቱ መንገድ ላይ ይቆምብኛል ብሎ ከፈራውና ጨርቅ አልብሶ ካቆመው፥ ላስቲኩ ይደርቃል፥ ቤንዚኑ ይበላሻል፥ ፍሬኑ ይጣበቃል። ሳይነካ የጠፋና ተነክቶ የጠፋ፥ ሁለቱም ጠፍተዋል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አጎቴ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን አለው። ጃጓር አይደለም፤ ነገር ግን ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፥ መንዳትም የተማርሁበት እርሱ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አጎቴ ባለ መስኮት አዲስ ሬዲዮ ገዛና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ቦታ ስላጣ ከመሪው ጎን ያለውን የብረት ሰሌዳ በመቁረጫ ከፍቶ አስገባው፤ «ጋሼ፥ አሁን ዘመናዊት ሆነች» አለው። ሁለት ዓመት ያህል ደስ ብሎን ሰማን። ከዚያ ሬዲዮው ሞተ፤ ቀዳዳው ቀረ። አምና አጎቴ ገንዘብ ቸግሮት ሊሸጠው ሲል አንድ ገዢ መጣ፤ ጎማውን አየ፥ ሞተሩን አስነሥቶ ሰማ፥ ፈገግ አለ። በሩን ከፍቶ ቀዳዳውን ሲያይ ግን፥ ቀስ ብሎ በሩን መልሶ ዘጋና አመስግኖ ሄደ። «የተቈረጠችው ብረትስ?» ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት። መካኒኩ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሳይሸጣት አልቀረም አለኝ።

ቀዳዳው ዛሬ በካርቶን ተሸፍኗል። ከአንባቢዎቻችን መካከል የዚያ ዘመን የቮልስዋገን ሰሌዳ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ፥ በምግብ ቤቱ በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ወረቀት ቢለጥፍልኝ ውለታው አለብኝ።