የፖሊስ ምልመላና ሥልጠና፦ ከኬንያ የፍተሻ ዓመታት ምን ትምህርት ይወሰዳል?

አርሶ አደሩ ከብቱ ሲሰረቅበት፣ የከተማ ነዋሪው ሱቁ ሲዘረፍበት ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በጣቢያው የሚያገኘው ፖሊስ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚወሰነው ግን ከዓመታት በፊት፣ ምልመላው በተካሄደበት ዕለት ነው። ጎረቤት ሀገር ኬንያ ይህን እውነት በተደጋጋሚ የመንግሥት ፍተሻ አረጋግጣለች። ፍተሻዎቹ ያስገኙት ለውጥም ሆነ ያልፈቱት ችግር ለሌሎች ሀገራት ትምህርት የሚሆን ነው።

የፍተሻው መነሻ እ.አ.አ. በታኅሣሥ 2007 የተካሄደውን ምርጫ ተከትሎ የተነሣው ግጭት ነው። በግጭቱ ከ1 ሺህ 100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዳኛ ፊሊፕ ዋኪ የተመራው መርማሪ ኮሚሽን በጥይት ከሞቱት ሰዎች የሚበዙት በፖሊስ የተተኮሰባቸው እንደነበሩ አመልክቷል። በ2009 በጡረታ ላይ በነበሩት ዳኛ ፊሊፕ ራንስሌይ የሚመራ ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ስለ ፖሊስ ምልመላ፣ ሥልጠና፣ አመራርና ተጠያቂነት ከ200 በላይ ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፖሊስ አገልግሎት ኮሚሽን እንዲቋቋም ደነገገ፤ በቀጣዩ ዓመት በወጣ ሕግም ፖሊስን የሚቆጣጠር ገለልተኛ ባለሥልጣን ተመሠረተ።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 10 ሺህ ምልምሎችን ለመምረጥ በመላ ሀገሪቱ ምልመላ ተካሄደ። ወጣቶች በየሜዳው ተሰልፈው ቁመታቸው ተለካ፣ ጥርሳቸው ታየ፣ ሮጡ፤ የተመረጡትም በዚያው ዕለት ተለዩ። ሂደቱን የታዘበው ገለልተኛው ባለሥልጣን ግን ጉቦና ሌሎች ጥሰቶች መፈጸማቸውን ገልጾ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በጥቅምት ወር መጨረሻ ምልመላውን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ።

ውሳኔው ክርክር አስነሣ። በሚያዝያ 2015 መጀመሪያ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ በደረሰው የሽብር ጥቃት 148 ሰዎች ሲገደሉ፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጸጥታ ኃይል እጥረት መኖሩን ጠቅሰው 10 ሺዎቹ ምልምሎች በአስቸኳይ ወደ ማሠልጠኛ እንዲገቡ አዘዙ። ይሁን እንጂ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ፍርድ አጸና፤ ምልመላውም እንደገና ተካሄደ።

የፕሬዚዳንቱ ሥጋት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የፖሊስ እጥረት ሕይወት ያስከፍላል። ሆኖም በጋሪሳ ጥቃት ጊዜ ብርቱ ትችት ያስከተለው ልዩ ኃይሉ ከናይሮቢ ተነሥቶ ቦታው ለመድረስ ረጅም ሰዓታት መፍጀቱ ነበር። ይህም ችግሩ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የአመራርና የዝግጁነትም እንደነበረ ያሳያል።

ጉቦ በምልመላ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምልመላው ሲያበቃ አያበቃም። ሥራ አጥ ወጣት በበዛበትና የሚፈለገው ቁጥር ጥቂት በሆነበት ሁኔታ፣ ምርጫው በጥቂት መኮንኖች እጅ ከወደቀና ውጤቱ ካልተመዘገበ ቦታው የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። ቤተሰብ ላም ሸጦ ወይም ተበድሮ ልጁን ካስገባ፣ ልጁ ወጪውን የሚመልሰው ከደመወዙ ሳይሆን በመንገድ ላይ ከሚያስቆመው ሹፌርና አቤቱታ ይዞ ከሚመጣው ባለጉዳይ ሊሆን ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሚሰድደውም እዚህ ላይ ነው። ሥልጠና ይህን አያቃናውም። ማሳው የቱንም ያህል ደጋግሞ ቢታረስ፣ የተዘራው እንክርዳድ ከሆነ ስንዴ አይታጨድበትም።

በታኅሣሥ 2022 በቀድሞው የኬንያ ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራ ሌላ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉ በኅዳር 2023 ለፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ባቀረበው ሪፖርት ሙስናን፣ የአመራር ድክመትንና የበጀት እጥረትን የፖሊስ ተቋሙ ዋና ችግሮች አድርጎ አስቀምጧል። የፖሊስ ደመወዝ በሦስት ዓመታት ውስጥ እስከ 40 በመቶ ከፍ እንዲልም ሐሳብ አቅርቧል። ከራንስሌይ ሪፖርት 14 ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ችግሮች መነሣታቸው ግን የጎደለው ጥናት ሳይሆን አፈጻጸም መሆኑን ያመለክታል። የመመልመል ሥልጣን የኮሚሽኑ ነው ወይስ የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተሩ የሚለው ክርክርም ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል።

ምክረ ሐሳብ ወደ ተግባር የሚለወጠው ተከታታይ ሲኖረው መሆኑን ከሰሜን አየርላንድ መረዳት ይቻላል። በክሪስ ፓተን የተመራው ኮሚሽን በ1999 ስለ ፖሊስ 175 ምክረ ሐሳቦችን ካቀረበ በኋላ፣ እያንዳንዱ ሐሳብ የደረሰበትን ደረጃ እየፈተሸ ለሕዝብ የሚያሳውቅ ኮሚሽነር ተሹሞ እስከ 2007 ሠርቷል። ቀድሞ ከፖሊስ አባላት 8 በመቶ ገደማ ብቻ የነበረው የካቶሊኮች ድርሻ በ2011 ወደ 30 በመቶ ደርሷል። እዚያም ቢሆን ኮሚሽኑ የመከረው አዲስ የፖሊስ ኮሌጅ ሳይገነባ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል የማደራጀትና የመምራት ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በመሆኑም የምልመላው ጥራት በቅርብ የሚመለከተው የክልል ምክር ቤቶችን፣ የወረዳ አስተዳደሮችንና የቀበሌ ነዋሪዎችን ነው። የጸጥታ ችግር ሲበረታ ብዙ ምልምሎችን በአጭር ጊዜ ማስመረቅ አስገዳጅ ሊመስል ይችላል። የኬንያ ተሞክሮ የሚያስጠነቅቀው ግን በችኮላ የገባ አባል ለረጅም ዓመታት መሣሪያ ታጥቆ በሕዝብ መካከል እንደሚቆይ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በጀት ብቻ የሚጠይቅ አይደለም። የመመልመያ መስፈርት አስቀድሞ በግልጽ ቢለጠፍ፣ የተመዘነ ሁሉ ውጤቱን በጽሑፍ ቢያገኝ፣ ቅሬታን ከመልማዩ ውጭ ያለ አካል ቢያይ ጉቦ መግቢያ ቀዳዳው ይጠብበታል። ኅብረተሰቡ ስለ ምልምሉ ጠባይ የሚሰጠው ምስክርነትም ፎርም ከመሙላት አልፎ በእውነት መመዘን አለበት። ሥልጠናው ከሰልፍና ከመሣሪያ ባሻገር የወንጀል ምርመራን፣ የባለጉዳይ አቀባበልንና የሰብአዊ መብት አጠባበቅን በተግባር ማስተማር ይኖርበታል። የፍተሻ ሪፖርት ሲወጣም ነዋሪው ማንሣት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የተባለውን ማን፣ እስከ መቼ ይፈጽማል?