ችግኝ ሲቆጠር ሥሩም ይታይ

በመራዊ አካባቢ የሚገኘው ቀይ አፈር በአብዛኛው ኮምጣጣ ነው። ገበሬው በቆሎና ስንዴ ለማምረት በየዓመቱ ዩሪያ ይገዛል፤ ዋጋውም ለብዙው የማኅበር አባል ከብዷል። ስለዚህ በማሳ ዳር ከባሕር ዛፍ ይልቅ ሰስባንያ፣ ትሪሉሰርንና ብርብራ ይተከሉ የሚለው ምክር ትክክለኛ ነው። ሆኖም ናይትሮጂን የሚያዘጋጀው ዛፉ ብቻውን አለመሆኑ መታወቅ ይኖርበታል።

አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም። ለተክል እንዲስማማ አድርገው የሚለውጡት ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎችና ዘመዶቻቸው ናቸው። እነዚህ የባቄላና የአተር ወገን በሆኑ ዛፎች ሥር ገብተው ትናንሽ እባጮች ያበጃሉ። ዛፉ ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ናይትሮጂን ይሰጡታል። ተስማሚው ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ ከሌለ ግን ዛፉ እንደማንኛውም ተክል የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማል።

የችግኝ ጣቢያ ሥራ ዘወትር የሚለካው በፈላው ችግኝ ብዛት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አይበቃም። ሥሩ ባዶ የሆነ ችግኝ ማደል ገበሬው ያላገኘውን ማዳበሪያ እንዳገኘ አድርጎ መቁጠር ነው። ስለሆነም የሚከተሉት ይፈጸሙ፦

1. ከእያንዳንዱ መደብ አሥር ያህል ችግኞች በጥንቃቄ ተነቅለው እባጫቸው በምላጭ ይሰንጠቅ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አይሠራም።

2. እባጭ ከታጣ ከዚያው ዓይነት ጤናማ ዛፍ ሥር ጥቂት አፈር አምጥቶ ከፕላስቲኩ አፈር ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል። የሚመጣውን አፈር ፀሐይ እንዳይመታው።

3. ለእነዚህ ችግኞች ዩሪያ አይሰጥ። ናይትሮጂን ሲበዛ እባጭ አይበጅም።

4. በኮምጣጣ መሬት ሲተከሉ ጉድጓዱ ኖራና የተብላላ ፍግ ይጨመርበት። ኮምጣጣነትና የፎስፎረስ እጥረት ባክቴሪያውን ያዳክማሉ።

ዛፉ ያገኘው ናይትሮጂን በብዛት ወደ ሰብል የሚደርሰው ቅጠሉ ተቆርጦ ማሳ ላይ ሲውል ወይም ከብት ከበላው በኋላ ፍጉ ወደ ማሳ ሲመለስ ነው። በአጎራባቹ አዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር እየተከሉ፣ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ቆርጠው መሬቱን ወደ እህል ሲመልሱ ኖረዋል። ግንዱ ለገበያ ሲሄድ ቅጠሉና ሥሩ በማሳው መቅረታቸው ለአፈሩ ይጠቅማል። ሁሉም ተጠርጎ ከወጣ ግን ለአፈሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩሪያ ሲረከቡ ከረጢቱን መርምረው ነው። ችግኝም ሲረከቡ ሥሩን አይተው ይረከቡ፤ የልማት ሠራተኛውም በሪፖርቱ ከችግኙ ቁጥር ጎን እባጭ ያለውን ይጻፍ።