ወለድ ሲጨምር የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ምን ያድርግ?

ባላገር ቀላል ነገር ሲገጥመው «ዕዳው ገብስ ነው» ይላል። ገብስ የተበደረ ሰው በመኸር ጊዜ ስንት ቁና እንደሚመልስ አስቀድሞ ያውቀዋልና አይጨነቅም። የዛሬው የከተማ ዕዳ ግን እንዲህ አይደለም። ባለ ዕዳው አንድ ብር ሳይጨምር፣ ቀኑንም ሳያሳልፍ፣ የወለዱ ተመን ከፍ ስላለ ብቻ ዕዳው የሚከብድበት ጊዜ አለ። ብዙ ቤተ ሰብ በዚህ ምክንያት ሰላሙን ሲያጣ ስለምናይ፣ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ስለዚሁ ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

ወለድ ስለ ምን ይጨምራል? ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ ሌላው ሰው በአደራ ያስቀመጠው ነውና፣ ለአስቀማጩ የሚከፍለው ሲበዛ ከተበዳሪው የሚቀበለውም መብዛቱ አይቀርም። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ ዝቅ እንዲል በተደረገ ጊዜ፣ ለቁጠባ የሚከፈለው ትንሹ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን ላይ መሥርቶ፣ መነሻውን ተመን ከመቶ 15 አድርጎ ወሰነ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ከላይ ሲወርድ በየካና በኮተቤ ቤት ሠርቶ ወይም ገዝቶ በየወሩ የሚከፍለውን ሰው ሁሉ ሊነካው ይችላል።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይገለጣል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 1 ሚሊዮን ብር በ15 ዓመት ሊከፍል፣ በዓመት ከመቶ 12 ወለድ ተበደረ እንበል። የወሩ ክፍያ 12,000 ብር ያህል ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 10,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 2,000 ብር ብቻ ነው። ወለዱ ገና በጧቱ ከመቶ 15 ቢደርስ ግን የወሩ ወለድ ብቻውን ወደ 12,500 ብር ይጠጋል። ሰውየው ያንኑ 12,000 ብር እየከፈለ «ዕዳዬን በታማኝነት እከፍላለሁ» ቢል፣ ዋናው ዕዳ በመቀነስ ፈንታ በየወሩ ያድጋል። በጊዜው ለመጨረስ ወደ 14,000 ብር መክፈል ይኖርበታል።

በፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ ስንሠራ እንደምናየው፣ ከባለ ዕዳዎች ብዙዎቹ ውላቸውን አጥርተው የሚያነቡት ከተከሰሱ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

አንደኛ፣ ከመፈረም በፊት ወለዱ የማይለወጥ ወይም ባንኩ በየጊዜው የሚወስነው መሆኑን ከውሉ ላይ ማንበብ ይገባል። የሚለወጥ ከሆነ፣ ተመኑ ሦስት እጅ ከመቶ ቢጨምር ደመወዛችን ይችለዋልን? ብሎ አስቀድሞ መቍጠር ብልኅነት ነው።

ሁለተኛ፣ የመጨመሩ ወሬ ሲሰማ ወደ አበዳሪው ሄዶ አዲሱ ተመን ስንት እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ የቀረው ዋና ዕዳም ስንት እንደ ሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የወሩ ክፍያ ቢከብድ ዘመኑ እንዲራዘም መለመን ይቻላል፤ መራዘሙ ግን ጠቅላላውን ወለድ እንደሚያበዛ አይዘንጋ። ትርፍ ገንዘብ ያለው ከዋናው ላይ ቀድሞ ቢከፍል ይሻለዋል።

ሦስተኛ፣ ባል ከሚስቱ፣ ሚስትም ከባልዋ ዕዳ አትሸሽግ። የተሸሸገ ዕዳ ከወለዱ ይልቅ ጥርጣሬው ቤት ያፈርሳል።

አራተኛ፣ የባንክን ዕዳ ለመክፈል ወደ አራጣ አበዳሪ መሮጥ ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ ተመኑም በጽሑፍ ካልተወሰነ ከመቶ 9 በላይ አይጠየቅም። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይተዳደራሉ። ከእንጦጦ ኮረብታ እንጨት ተሸክማ ወደ ሾላ የምትወርድ እናት ለልጅዋ መድኃኒት ስትል በወር ከመቶ 10 ብትበደር፣ በዓመት ከመቶ 120 መክፈልዋ ነው፤ ሕጉ ከወሰነው ዐሥር እጅ ይበልጣል። በችግረኛ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በወንጀልም ይጠየቃል። ፍትሐ ነገሥትም አራጣን ይነቅፋል። ገንዘብ ያላችሁ መኳንንትና ሹማምንት ይህን አስቡበት።

ልጆቻቸው በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆችም ሌላ ዐይነት ዕዳ ይወቁ። በዚያ አገር ክሬዲት ካርድ የሚባል የብድር ካርድ አለ። የወሩን ሒሳብ በቀኑ ጨርሶ ለሚከፍል ለገዛበት ዕቃ ወለድ የለበትም፤ ላሳደረ ግን ከባድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 መጋቢት ወር ወደ ዜሮ የቀረበ የነበረው የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ተመን፣ በሐምሌ 2023 ከመቶ 5.25 እስከ 5.50 ሲደርስ የካርዱም ወለድ አብሮ ወጣ። በ2009 የወጣው ሕጋቸው ካርድ ሰጪው ተመኑን ሲጨምር 45 ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ፣ አዲሱም ተመን ባብዛኛው በአሮጌው ዕዳ ላይ እንዳይጫን ያዛል። ነገር ግን ከአገሩ ተመን ጋራ እንዲወጣና እንዲወርድ በውል የታሰረው ካርድ ማስታወቂያ አያሻውም፤ የሚበዛውም እንዲህ ያለው ነው። ክፍያውን 60 ቀን ያሳለፈም ይህ ጥበቃ ይቀርበታል፤ ከዚያ በኋላ 6 ወር በቀኑ ቢከፍል ግን ለአሮጌው ዕዳው የቀድሞው ተመን ይመለስለታል። 5,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ልጅ ወለዱ ከመቶ 20 ሲሆን በወር 83 ዶላር ያህል፣ ከመቶ 26 ሲሆን 108 ዶላር ያህል ወለድ ይቈጠርበታል። በወር 100 ዶላር ብቻ ቢከፍል፣ ዕዳው በፊት በቀስታ ይቀንስ የነበረው አሁን ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለቤት ማደሻ ገንዘብ ላክልን የምትሉ ወላጆች፣ ልጃችሁ የሚልከው ከደመወዙ ነው ወይስ ከካርዱ? ብላችሁ ጠይቁት። ከካርዱ ከሆነ ሠርጉ ይነስ።

ድንገተኛ ወጪ ሲመጣ መጠጊያው አስቀድሞ የተጠራቀመ ገንዘብና ከታመኑ ጎረቤቶች ጋራ የሚገቡበት ዕቁብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላልና። የዕቁብ ብር ወለድ አይወልድም፤ ጎረቤትንም ያፋቅራል። እንግዲህ በየወሩ መጀመሪያ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የቤታቸውን ገቢና ዕዳ በደብተር ይጻፉ፤ ልጆቻቸውም ይህን እያዩ ይደጉ።