ፈተናው ሳይለወጥ ክፍሉ አይለወጥም፦ የምህንድስና ተማሪዎች ተነሳሽነትና አሳታፊ ትምህርት

የምህንድስና መምህራን በተሰባሰቡበት ሁሉ ከሚሰሙ ቅሬታዎች አንዱ የተማሪዎች ተነሳሽነት መዳከም ነው። ተማሪው በክፍል ውስጥ አይጠይቅም፤ የተሰጠውን መልመጃ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎችን ያሰባስባል ይባላል። የሚቀርበው ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተማሪው ያመለክታል፦ የሁለተኛ ደረጃ ዝግጅቱ ደካማ ነው፣ ስልኩ ቀልቡን ወስዶታል፣ ተመርቆ ሥራ ስለማግኘቱ እርግጠኛ አይደለም። እነዚህ ምክንያቶች መሠረት የላቸውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ እምነት አንድ ዋነኛ ምክንያት ከእኛው ከመምህራን እጅ ይወጣል። ተማሪው ጉልበቱን የሚያውለው ፈተናው በሚጠይቀው ነገር ላይ ነው፤ ፈተናዎቻችን ደግሞ በብዛት የሚጠይቁት ቀመር ማስታወስንና ቁጥር መተካትን ነው።

አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ለአገራችን ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መምህራን የሠለጠኑበት የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ከዋና ዋና መልእክቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ተከታታይ ምዘና በየመመሪያው ሰፍሯል። በኋላም ተማሪዎች በአንድ ለአምስት አደረጃጀት እንዲማማሩ ተደርጓል። በተግባር ግን ተከታታይ ምዘናው በብዙ ኮርሶች ትንንሽ ፈተናዎችን ማብዛት ሆነ። የቡድን ሥራውም አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚያስጽፉበት ሆነ። ቅርጹ ገባ፤ ለተማሪው የሚቀርበው ጥያቄ ግን ባለበት ቆየ።

ዘዴው ራሱ ውጤታማ ስለመሆኑ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ነበር። በገለጻ በተሰጡ ኮርሶች የወደቁት ተማሪዎች በአማካይ 33.8 በመቶ ሲሆኑ፣ አሳታፊ ዘዴ በተተገበረባቸው ኮርሶች 21.8 በመቶ ነበሩ። ሪቻርድ ሄክም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት ከ6,000 በላይ ተማሪዎች የተማሩባቸውን 62 የመግቢያ ፊዚክስ ኮርሶች አነጻጽሮ፣ አሳታፊ በነበሩት ክፍሎች የተገኘው የግንዛቤ ዕድገት በገለጻ ከተሰጡት ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ነጥብ አለ። ሄክ ልዩነቱን ለማየት የቻለው የተማሪውን ጽንሰ ሐሳባዊ ግንዛቤ በሚፈትሹ ጥያቄዎች ስለለካ ነው። መለኪያው ሽምደዳን ብቻ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ተሸፍኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ከሲቪል ምህንድስና አንድ የተለመደ ጥያቄ እንውሰድ። በሁለት ጫፎቹ የተደገፈ የ6 ሜትር ቢም በየሜትሩ 10 ኪሎ ኒውተን ጭነት ቢያርፍበት ከፍተኛው ቤንዲንግ ሞመንት ስንት ነው? ቀመሩን የሸመደደ ተማሪ 45 ኪሎ ኒውተን ሜትር ብሎ በአንድ ደቂቃ ይመልሳል። አሁን ጥያቄውን እንለውጠው። በአዲስ አበባ የግንባታ ሥፍራዎች በምናየው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ቢጨምር፣ የአግዳሚው ውፍረትና በየሜትሩ የሚያርፍበት ጭነት ግን ባይለወጥ፣ ሞመንቱ በስንት እጥፍ ያድጋል? የእንጨቱ መጉበጥስ? ሁለቱስ እኩል የማያድጉት ለምንድን ነው? ሞመንቱ በ4 እጥፍ፣ መጉበጡ ደግሞ በ16 እጥፍ ያድጋል። ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ግን ቀመር ማወቅ አይበቃም፤ ርዝመት በአንድ አካል ላይ በምን በምን መንገድ እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንዱ ሠርቶ ሌላው የሚገለብጠው ነው። ሁለተኛው ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ተማሪዎችን ያከራክራል፤ በዚያ እንጨት ላይ የሚቆም ሰው መኖሩንም ያስታውሳል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ባዳበሩት የተነሳሽነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ከውስጥ የሚመነጭ ተነሳሽነት ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ በራስ ምርጫ መመራትን፣ የብቃት ስሜትንና ከሌሎች ጋር መተሳሰርን። ከእነዚህ የመጀመሪያው በአገራችን ሁኔታ ገና ከደጃፍ ይጎዳል። የ70/30 የቅበላ ፖሊሲ ሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት በርካታ ወጣቶች ወደ ምህንድስና የገቡት በዝንባሌያቸው ሳይሆን በምደባ ነው። የትምህርት ክፍል ምደባም በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሚወሰን የመጀመሪያ ምርጫውን የማያገኝ ተማሪ ጥቂት አይደለም። መምህሩ ምደባውን ሊለውጥ አይችልም። በኮርሱ ውስጥ ግን ተማሪው የሚሠራበትን ችግር ከአካባቢው እንዲመርጥ፣ መፍትሔውንም ቆሞ እንዲያስረዳ ማድረግ ይችላል። የብቃት ስሜትም የሚያድገው ቁጥር በመተካት ሳይሆን፣ ያላየውን ጥያቄ በራሱ አስቦ በመመለስ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የተማሪ ብዛትና የኮርስ ይዘት ስፋት ነው። ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተገበረው ዘዴ የተሠራው ግን ለትልልቅ ክፍሎች ነው። መምህሩ በምርጫ የሚመለስ አንድ የግንዛቤ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይመልሳል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከርና እንደገና ይመልሳል። ይህ ጥቂት ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከተጻፈባቸው ወረቀቶች በቀር መሣሪያም አይጠይቅም። ሁለተኛው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ስህተትን የፈራ ተማሪ ዝምታን ይመርጣል። ክርክሩ ተማሪዎቹ በሚግባቡበት ቋንቋ ይካሄድ፤ መደምደሚያው በእንግሊዝኛ ይጻፍ።

ሦስተኛው እምብዛም አይነገርም። ሉዊ ዴሎሪዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በአሳታፊ ክፍል የተማሩ ተማሪዎች የበለጠ ተምረው ሳለ፣ ያነሰ የተማሩ መስሏቸው ነበር። ጥሩ ገለጻ ሲሰማ ነገሩ የገባን ይመስላል፤ ማሰብ ግን ያደክማል። ስለዚህ በሴሚስተር መጨረሻ ተማሪዎች በሚሞሉት ቅጽ የሚመዘን ወጣት መምህር ዘዴውን በመለወጡ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ይህን አደጋ በግለሰቡ ትከሻ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፤ የትምህርት ክፍሎች ምዘናውን ሲተረጉሙ ሊያስቡበት ይገባል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ከተፈታኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማለፊያውን 50 በመቶ አላገኙም። የተቋማት የመጀመሪያ ምላሽ ማጠናከሪያ መስጠትና የጥያቄ ጥራዝ ማዘጋጀት መሆኑ አይደንቅም። ፈተናው በምርጫ የሚመለስ በመሆኑ አሳታፊ ትምህርት ቅንጦት ነው የሚል ድምዳሜም ሊከተል ይችላል። ይህ ድምዳሜ ስህተት ነው። የማዙር ጥያቄዎችም በምርጫ የሚመለሱ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በአመላለሱ ሳይሆን በሚጠየቀው ነገር ነው። ሽምደዳን የሚጠይቅ ፈተና ሽምደዳን ያስተምራል፤ ግንዛቤን የሚጠይቅ ፈተና ውይይትን አስፈላጊ ያደርጋል።

ስለዚህ ለውጡ ከወንበር አደራደር ሳይሆን ከፈተና ወረቀት ይጀምር። እያንዳንዱ ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ የፈተናውን ሩብ ቀመር በመተካት ብቻ ለማይመለሱ ጥያቄዎች ይስጥ፤ ይህም በሴሚስተሩ መጀመሪያ ከነናሙናው ለተማሪዎች ይነገር። በቡድን ሥራ ላይ የሚሰጠው ነጥብ ከአባላቱ መካከል በዕጣ የተጠራው ተማሪ በሚሰጠው ማብራሪያ ይወሰን፤ ያኔ የገባው ላልገባው ማስረዳት የሁሉም ጥቅም ይሆናል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም የሚሠራ ነገር አለ። ስለ ተነሳሽነት በመጠይቅ ላይ የተመሠረቱ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። መጠይቁ ግን ተማሪው ስለ ራሱ የሚለውን እንጂ ከእርሱ የምንጠይቀውን አያሳይም። በየትምህርት ክፍሉ መዝገብ ቤት ያሉትን የፈተና ወረቀቶች ሰብስቦ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሚጠይቅ መመደብ፣ ከዚያም የፈተናው ዓይነት በተለወጠባቸውና ባልተለወጠባቸው ክፍሎች የተማሪውን የጥናት ልማድ ማነጻጸር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ውጤቱም ለመምህራን ጉባኤ ሊቀርብ የሚችል ምርምር ነው። ውጤቱ ከላይ የቀረበውን ክርክር የሚያፈርስ ከሆነም ጥቅም አለው፤ ቢያንስ ተማሪውን ከመውቀሳችን በፊት የጠየቅነውን አይተናል ለማለት ያስችለናል።