ሾፌሩ ነው ወይስ መኪናው?

በሻይ ሰዓት የፎርሙላ ዋን ወሬ ከተነሣ ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «ጀግናው ሾፌሩ ነው» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ተወኝ! እዚያ መኪና ላይ ማንም ቢቀመጥ ያሸንፋል» ይላል።

በእኔ በኩል ሁለቱም የያዙት የእውነቱን ግማሽ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ሬድ ቡል ከ22 ውድድሮች 21ዱን አሸነፈ። ይህ የመኪናውና የመሐንዲሶቹ ጉልበት ነው። ነገር ግን ከ21ዱ ድል 19ኙ የማክስ ቨርስታፐን ሲሆን፣ ያንኑ ዓይነት መኪና የነዳው ሰርጂዮ ፔሬዝ ያገኘው 2 ብቻ ነው። ታዲያ «ማንም ያሸንፋል» የሚለው ወዴት ገባ? በዚያው አቆጣጠር በ1988 ደግሞ ማክላረን ከ16ቱ ውድድሮች 15ቱን ሲወስድ፣ አየርተን ሴና 8፣ አላን ፕሮስት 7 ተካፈሉ፤ እኩያ ከእኩያ ሲገናኝ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሾፌርን መመዘን ያንኑ መኪና ከሚነዳው ጓደኛው ጋር ነው። በደካማ መኪና አሥረኛ የወጣውን ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

እኛም ነገ ማርክ ሰጪዎች ነን። መጽሐፍ ያለውንና የሌለውን ተማሪ በአንድ መሥመር አሰልፈን «ጎበዝ»፣ «ደካማ» ከማለታችን በፊት፣ ለመሆኑ ይኼ ልጅ በምን መኪና መጣ? ብለን እንጠይቅ።