ያገለገለው አይሮፕላን

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ፤ «አየር መንገዳችን ሥራ የጀመረው በሰልባጅ አይሮፕላን ነው» ሲል ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁ አልዋሸም፤ ሳቁ ግን አልዋጠልኝም።

ዲ.ሲ. 3 የተባለው ይህ አይሮፕላን በአሜሪካ መጀመሪያ የበረረው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። ደሴ በኢጣልያ ቦምብ ከተደበደበች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ለባለጸጎች የታሰበ ነበርና አንዱ ዓይነት 14 መኝታ ነበረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለወታደርና ለጭነት ማመላለሻ ተብሎ ከ10 ሺህ በላይ ተሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙው ትርፍ ሆነ። አየር መንገዳችን በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከዚሁ የአሜሪካ መንግሥት ትርፍ አምስት ገዛ፤ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። መኝታ ቀርቶ ደኅና ወንበርም አልነበረውም። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ መካከሉ የጭነት ቦታ ነው።

የሰበታ ሰው የጅማን መንገድ፣ የቡራዩ ሰው በአምቦ በኩል የነቀምቴን፣ የሱሉልታ ሰው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ የሚያደርሰውን መንገድ ያውቃል። በዚያ ዘመን ክረምት ሲገባ ከእነዚህ ከተሞች ወዲያ ጭቃው መኪና ይዞ ያድር ነበር። ጅማ፣ ጎሬ፣ ደምቢ ዶሎ የተመደበ ጸሐፊ መንገዱን ሲያስብ ምን ይለው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ የአሮጌው አይሮፕላን አሠራር ጠቀመ። ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ከክንፉ ሥር፣ ሦስተኛው ትንሽ ጎማ ከጭራው ሥር ስለ ሆኑ፤ መሬት ላይ ሲቆም እንደ ተቀመጠ ውሻ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናል። ስለዚህ ተሽከርካሪው ከድንጋይና ከጭቃ ይርቃል። ሰፊው ክንፍም በዝግታ እንዲያርፍ ስለሚያስችለው አጭር የሣር ሜዳ ይበቃው ነበር። በደጋው ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ጭነት ማጉደል ግድ ነበር። የጅማን ቡና፣ ቆዳውን፣ ፖስታውን ያመላለሰው እንዲህ ሆኖ ነው። (ትኬት የሚገዛው ጥቂት ሰው መሆኑን አልክድም፤ ባላገሩማ አይሮፕላኑን የሚያውቀው ከሜዳው ከብቱን ሲያባርር ነው።)

በመጀመሪያ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው አዛዥ ሆነው የበረሩት በዚሁ በዲ.ሲ. 3 ነው። ተማሪዬ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ጄቶቹ ከመጡም በኋላ አይሮፕላኑ በአገር ውስጥ መስመር ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል።