ከጨረቃ የማይታየው ሐይቅ

አፖሎ 8 በታኅሣሥ 1961 ዓ.ም. ጠፈርተኞቹን ፍራንክ ቦርማንን፣ ጂም ላቭልንና ቢል አንደርስን ይዛ ጨረቃን ስትዞር የምድር ነገር በዕቅዱ ውስጥ ብዙም ቦታ አልነበረውም። የጨረቃን ገጽ ማጥናትና ሰው ወደፊት የሚያርፍበትን ቦታ ፎቶ ማንሳት ነበር ሥራቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ምድር ስትወጣ አላዩዋትም፤ መስኮቶቻቸው ወደዚያ አልዞሩም ነበር። በአራተኛው ዙር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን፣ ቦርማን መንኮራኩሯን ሲያዞር ከጨረቃ ጠርዝ በላይ ሰማያዊና ነጭ ነገር ብቅ አለ። አንደርስ ባለቀለም ፊልም እንዲያቀብሉት ተጣደፈ፤ ላቭል ፈልጎ ሰጠው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፎቶ እንዲህ ተነሣ።

ብዙ ሰው ስለ ፎቶው ውበት ያወራል። እኔን የሚይዘኝ ግን የምድር ዳር ነው። እዚህ ሆነን መሬት ማለቂያ ያላት አይመስለንም፤ አንዱ ማሳ ሲደክም ሌላ አለ፣ አንዱ ወንዝ ሲጎድል ሌላ አለ እንላለን። ከ370 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ያዩት እነዚያ ሰዎች ግን ውሃውም አየሩም እዚያችው ክብ ውስጥ ተወስኖ፣ ከዳሯ ወዲያ ጥቁር ባዶ ብቻ ሆኖ አገኙት።

ርቀት ደግሞ ይደብቃል። አፖሎ 17 ወደ ጨረቃ ስትጓዝ ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም. የተነሣው የሙሉ ምድር ፎቶ ላይ አፍሪካና ዓረቢያ ጎልተው ይታያሉ፤ አገራችንም አለችበት። በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። ያንን ፎቶ ሳይ ሁሌም ልቤ የሚሰበረው በዚህ ነው። አገሪቱ ትታያለች፣ ሰዉ አይታይም።

በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ባለችው በመቂም ርቀት እንደዚሁ ይደብቃል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ወርዶ፣ ካታር ደግሞ ከአርሲ መጥቶ ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የሚደርሰው የላዮቹ ያስተረፉት ነው። ዝዋይ ራሱ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው የመቂ ገበሬ የውሃ ሞተሩን ሲያስነሣ የሚያየው የራሱን ቦይ ነው፤ ሌላውን ማን አሳየው? ልጆቹን የሚያሳድግበትን ሥራ መውቀስ አግባብ አይደለም።

ከጨረቃ ዙሪያ ሆኖ የሚያይ ሰው ዝዋይን በዓይኑ አይለየውም። ከቅርብ የሚያዩ ዓይኖች ግን አሉ። ከሐምሌ 1964 ዓ.ም. ጀምሮ የላንድሳት ሳተላይቶች ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ክምችታቸውም ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ከቅርብ ዓመታቱ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አብያታ ከግማሽ የሚበልጥ ስፋቱን ማጣቱን ያያል። ከላይ የሚቀዳው የመስኖ ውሃና በዳርቻው የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ናቸው። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የራሷን የምድር ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን አምጥቃለች። ያን ዕለት ብዙዎቻችን ኮርተናል፤ ተገቢም ነበር።

ኩራቱ ግን ቦዩ ዳር ካልደረሰ ምን ይጠቅማል? የሐይቁ ምስል ተመራማሪ እጅና ጉባኤ ላይ ይቀራል፤ ውሃውን የሚቀዳው ሰው አያየውም። የአብያታን የሃምሳ ዓመት ምስል በአንድ ሸራ አሳትሞ መቂ የቀበሌ አዳራሽ ላይ መስቀል ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ገበሬው ያየውን ይረዳል፣ ይከራከራል፣ የውሃ ተራ ያበጃል፤ ተራ ማበጀት ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም።

የሳተላይት ምስል በእጃችሁ ያለ፣ የተፋሰሱንም ውሃ የምታስተዳድሩ ሁሉ፦ ምስሎቹን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አብራርታችሁ ወደ መቂ አምጧቸው። ትምህርት ቤቱም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም፣ ቀበሌውም ይያቸው። ከመጪው የበጋ መስኖ በፊት ይሁን።